በመኪና ሆኖ «በእግራችሁ ኑ» ያለው ሰው

የአንድ ሰው ሕይወት ተበጥሮና ተነፍቶ፣ ገለባው በንፋስ ከሄደ በኋላ፣ ወንፊቱ ላይ ምን ይቀራል? በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ ሊቃውንት ብዙ ወንበር አሙቀው ሞተዋል። መልሱ ያመለጣቸው ምናልባት ተቀምጠው ስላሰቡ ይሆናል፤ ሰው ተቀምጦ ስለ ሰው ሲያስብ እግርን ይረሳል። በዚህ በኩል «ጉሮሮ» እየተባለ የሚጠራው የማዘጋጃ ቤት አስተዋዋቂ ከሊቃውንቱ አይተናነስም። እሱም የዕድሜውን ትልቁን ክፍል ያሳለፈው ቁጭ ብሎ ነው። ልዩነቱ፣ እሱ ቁጭ ያለው ሌላው ሰው ተነስቶ እንዲራመድ ለመለመን መሆኑ ነው።

ሥራው እንዲህ ነበር። በየወሩ የመጨረሻ እሁድ በከተማዋ መሃል የሚያልፈው ሰፊ ጎዳና ለመኪና ይዘጋል። ሰዎች በእግር ወይም በብስክሌት መጥተው አስፋልቱን እንደ ሳሎናቸው ይዝናኑበታል፤ ልጆች ኳስ ይጠልዛሉ፣ ሙዚቀኞች ይጫወታሉ፣ አሮጊቶች በሌላ ቀን ቢሞክሩት ነፍሳቸውን የሚያስከፍላቸውን መሃል መንገድ እየተንፈላሰሱ ያቋርጣሉ። መቼም ሐሳቡ ቅዱስ ነው፤ ክፉ የሚናገረው የለም። ጉሮሮም ይህን ቅዱስ ሐሳብ ለሕዝብ የሚያደርሰው፣ ጣራዋ ላይ ሁለት ድምፅ ማጉያ በታሰረባት አሮጌ ፒክአፕ፣ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ከመንደር መንደር እየዞረ ነበር።

«ውድ የከተማችን ነዋሪዎች! እሁድ መኪናችሁን እቤት ተዉት! በእግራችሁ ኑ! በብስክሌት ኑ! የምትወዱትን ሰው ክንድ ይዛችሁ ኑ! ንጹሕ አየር በነጻ ተንፍሱ!»

ፒክአፗ ይህን ተናግራ ስታልፍ ከኋላዋ ከሰል የመሰለ ጭስ ትለቃለች። ነዋሪው መልእክቱን በጆሮው፣ ጭሱን በአፍንጫው ተቀብሎ፣ እያሳለ መስኮቱን ይዘጋል።

ጉሮሮ የተባለው ያለ ነገር አይደለም። በወጣትነቱ የአንድ ጫማ ቤት በር ላይ ቆሞ «ግቡ! ለኩ! ተጫሙ!» እያለ ሲጣራ፣ ድምፁ መንገድ ተሻግሮ የሌላውን ጫማ ቤት ደንበኛ በጆሮው ጎትቶ ያመጣ ነበር። ያኔም ቢሆን ሰው እንዲራመድ ይለምን ነበር ማለት ነው፤ ግን ያኔ ቢያንስ ቆሞ ነው። የጫማ ቤቱ ባለቤት አንድ ሰው ቀጥሮ የሁለት ሰው ሥራ ማሠራት የሚያውቅበት ብልህ ስለነበረ፣ መንጃ ፈቃድ አስወጥቶት ዕቃም ያስጭነው ነበር። ሚስቱን ያገኘውም እዚያው ነው። ከጫማ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ልብስ ስፌት ቤት አንዲት ልጅ መርፌ አፏ ላይ እንደያዘች መንገዱን ተሻግራ መጣችና፣ «አንተ ሰው፣ በጩኸትህ ቀሚስ አበላሸሁ» አለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው ለሷ ብቻ ሆነ።

ማዘጋጃ ቤቱ ይህን ድምፅ ሰምቶ በቋሚነት ሲቀጥረው የደስታው ብዛት ልክ አልነበረውም። መንግሥት ሰውን በትከሻው ወይም በጭንቅላቱ ይቀጥራል፤ በጉሮሮው የተቀጠረ ግን እሱ ብቻ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ሾፌሩ ነው፤ ጠጉሩ ከግንባሩ የሸሸ፣ ምላሱ ግን ከማንም የማይሸሽ ሰው።

«ጉሮሮ» ይለዋል መሪውን በአንድ እጁ ይዞ፣ «እኔና አንተ እኮ በዚህች ከተማ ውስጥ ስለ መራመድ ብዙ የምናውቅ ሁለት ሰዎች ነን።»

«እንዴት?»

«ሰው ሁሉ ሲራመድ በመስታወት እናየዋለና።»

የእሁዱ ዝግጅት ገና ሲጀመር አካባቢ አንድ ጠዋት ፒክአፗ በተዘጋው ጎዳና አፍ ላይ ቆማ፣ ጉሮሮ «እንኳን በእግራችሁ መጣችሁልን!» እያለ ሳለ፣ አንድ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ መኪና መጥቶ አጠገባቸው ቆመ። ውስጡ የስፖርት ልብስ የለበሰ ሰውዬ፣ ከኋላው ሚስትና ልጆች፣ ጣራው ላይ የታሰሩ ብስክሌቶች።

«ወንድሜ፣ ያ መኪና የማይገባበት ዝግጅት እዚህ ነው?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ታዲያ የት ነው የምናቆመው?»

«እቤትዎ!»

ጉሮሮ ማይኩን ማጥፋቱን ረስቶ ነበር። መልሱ በሁለቱም ድምፅ ማጉያ ወጥቶ ከጎዳናው ጫፍ እስከ ጫፍ አስተጋባ፤ ሰዉ ሳቀ፣ ሰውዬው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። በማግስቱ ቅሬታ አቀረበ። ማዘጋጃ ቤቱም ቅሬታ ሰሚ ነውና ነገሩን አጥንቶ፣ የሰውዬው ጥያቄ ተገቢ ሆኖ አገኘው። ሊራመድ የመጣ ሕዝብ መኪናውን የት ያቁም? ስለዚህ ከጎዳናው ጀርባ ያሉት መንገዶች በሙሉ፣ ከነእግረኛ መሄጃቸው፣ ለተራማጆች መኪና ማቆሚያ ሆኑ። በእግሩ የሚመጣው ሰው አሁን የሚያልፍበት አጥቶ በመኪኖች መሃል በጎኑ እየተሹለከለከ ይደርሳል። በጉሮሮ ማስታወቂያ ላይም አንድ ዓረፍተ ነገር ተጨመረ፦ «በመኪና ለምትመጡ በቂ ማቆሚያ አዘጋጅተናል!»

«አሁን ገና መልእክቱ ሙሉ ሆነ» አለ ሾፌሩ።

የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ደግሞ በስብሰባ ላይ አፉን ሞልቶ፣ «ባለፈው እሁድ ማቆሚያው ሞልቶ መኪና ተመልሷል! ሕዝባችን መራመድን ምን ያህል እንደወደደ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም!» አለና ተጨበጨበለት። ይህ ኃላፊ ወጣት፣ ትሁትና ፈገግተኛ ሰው ነው። እሱም እሁድ እሁድ በመኪና ይመጣል፤ ጎዳናው ጫፍ ላይ ሾፌሩ ብስክሌቱን ከኋላ ያወርድለታል፤ ከዚያ ፎቶ አንሺው ፊት ድረስ ይነዳና ይወርዳል። አንድ ቀን ፎቶ አንሺው አርፍዶ ስለነበር፣ ኃላፊው ተመልሶ እንደገና መጥቷል። ለሕዝብ ሲባል የማይከፈል መሥዋዕትነት የለም።

ጉሮሮ ይህን ሁሉ እያየ አልተከፋም። የሰው ልጅ ምክርን የሚወደው ለሌላው ሲሰጥ ብቻ መሆኑን ዕድሜ አስተምሮታል። ድምፁን አሰምቶ፣ ደሞዙን ተቀብሎ፣ ደረጃውን ወጥቶ እቤቱ ሲገባ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ይቀበለዋል፤ ሌላ ምን ይፈልጋል? ነገሩ ሁሉ እንዲህ በሰላም ይቀጥል ነበር፣ ሚስቱ ባትወድቅ።

የወደቀችው ከበርጩማ ላይ ነው። ከላይኛው መደርደሪያ የጨርቅ ጥቅል ለማውረድ ተንጠራርታ፣ ጥቅሉም እሷም አብረው ወረዱ። የዳሌዋ አጥንት ተሰበረ፤ ሐኪሞች ጠገኑት። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት የአልጋ፣ ከዚያ የወንበር፣ ከዚያ የከዘራ ሆኑ። እግሯ የስፌት መኪናዋን መርገጫ እንደ ልቡ መርገጥ ስላቃተው ሥራዋ ወደ ቁልፍ መትከልና ጠርዝ መቀምቀም ወረደ፤ ቤቱም በጉሮሮ ደሞዝ ብቻ ቆመ።

እግሯን እንድታለማምድ የምታሠራት ወጣት የጤና ባለሙያ ለስላሳ አፍ የላትም።

«እማማ፣ አጥንትዎ ድኗል» አለቻት። «ያልዳነው ልብዎ ነው። ደልዳላ ሜዳ ላይ፣ ሰው መሃል፣ ረጅም መንገድ መሄድ አለብዎት። ከፈሩትና ከተቀመጡ ወንበሩ ይለምድዎታል። ወንበር ከለመደ ደግሞ አይለቅም።»

ደልዳላ ሜዳ! ቤታቸው ያለው ኮረብታ ላይ፣ በተሰባበረ የድንጋይ ደረጃ ጫፍ ነው። ታች ያለው ጎዳና ነው ብቸኛው ሜዳ፤ እሱ ደግሞ በሳምንቱ ቀናት የመኪና ወንዝ ነው። የእግረኛው መሄጃም ቢሆን የቆመ መኪና ነው። የቀራት በወር አንዴ ጎዳናው የሚዘጋበት እሁድ ብቻ ነበር። እሷም ይህን ስታውቅ እንደ ልማዷ መድረሻዋን ቆረጠች፤ ከጎዳናው ወዲያኛው ጫፍ ያለው የክርና የቁልፍ ሱቅ። ከወደቀች ወዲህ ክር የምታመጣላት ልጃቸው ናት።

«ሰማያዊ ስላት ሐምራዊ ታመጣለች፤ ሐምራዊ ስላት ‹እማዬ፣ ያው አይደል?› ትለኛለች። ያው! ክሩን በዓይኔ ካላየሁ፣ በጣቴ ካልነካሁ፣ እኔ ምኑን ልብስ ሰፊ ሆንኩት?»

«እኔ እወስድሻለሁ አልኩ እኮ» ትላለች ልጅቷ።

«አንቺማ እንደ ፌስታል ነው የምታንጠለጥይኝ። ጎረቤታችንም እደግፍሻለሁ ብላ፣ እየደገፈችኝ ወድቃ ስለሞተችው አክስቷ ታወራልኛለች። የአባትሽ ክንድ ይሻለኛል። የአባትሽ ክንድ ዝም ይላል፤ ሌላ ዝም የሚል ነገር የለውማ።»

እውነቷን ነበር። ቤት ውስጥ ከስፌት መኪናዋ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ስፌት መኪናዋ፣ ክንዱን ይዛ ስትመላለስ እግሯ አይንቀጠቀጥም። ክንዱን ስትለቅ ግን ወለሉ የሚከዳት ይመስል ባለችበት ትደርቃለች።

«የጎዳናው እሁድ ይዘኸኝ ትሄዳለህ» አለችው አንድ ምሽት ቁልፍ እየተከለች።

«ሥራ ላይ ነኝ እኮ።»

«ምን ልትሠራ?»

«ሰው ሁሉ የሚወደውን ሰው ክንድ ይዞ እንዲራመድ ልናገር።»

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ቀና አለች። «ጥሩ ነዋ። መጀመሪያ አንተ ስማው።»

ጉሮሮ በማግስቱ ኃላፊው ቢሮ ገባ። ግድግዳው ላይ ኃላፊው ብስክሌት ላይ ሆኖ የተነሳው ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ከፎቶው ሥር ኃላፊው ራሱ ሊፍት ተበላሽቶ ደረጃ በመውጣቱ ላቡን እየጠረገ ተቀምጧል።

«ጋሼ! ይግቡ፣ ይግቡ! እርስዎ እኮ የከተማችን ሀብት ነዎት!»

«አንድ እሁድ ፈቃድ ፈልጌ ነበር። ባለቤቴ መራመድ መጀመር አለባት፤ ከኔ ክንድ ሌላ ደግሞ አትደገፍም። አንድ የጎዳና እሁድ ብቻ።»

ኃላፊው ፊቱ በእውነተኛ ሐዘን ተሞላ። ከአንገት በላይ አልነበረም፤ ይህ ሰው ማዘንን የሚችል ሰው ነው፤ የማይችለው ሌላ ነገር ነው።

«ጋሼ፣ ያለ እርስዎ ድምፅ እኮ ሰው ከቤቱ አይወጣም!»

«ድምፄን ሰምቶ የሚወጣው በመኪና ነው።»

«ዋናው መውጣቱ ነው! እመቤቲቱ መራመድ ከፈለጉ ዝግጅቱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ይምጡ! እንዲያውም መኪና እንልክላቸዋለን።»

ጉሮሮ ቅስሙ ተሰብሮ ሲወጣ ሾፌሩ ፒክአፗ ላይ ተደግፎ ይጠብቀው ነበር። ነገሩን ሰምቶ ከት ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቆመ።

«አንተ ሞኝ ነህ እንዴ? የሚፈልጉት ድምፅህን ነው አይደል? ድምፅህን ስጣቸውና አንተ ሂድ! ቅዳውና ስጣቸው። እኔ እየነዳሁ እከፍተዋለሁ።»

ጉሮሮ ይህን ለምን ራሱ እንዳላሰበው ገረመው። ያን ምሽት በልጁ ስልክ እቤቱ ተቀምጦ ቀዳ። ሚስቱ ጸጥታ እንዲሆን መቀሷን አስቀምጣ አዳመጠች፤ «የምትወዱትን ሰው ክንድ ይዛችሁ ኑ» ሲል ግን ሳቋ አመለጣትና ቀረጻው ተበላሸ።

«ምን ሆንሽ?»

«ክንድ ስትል እንደ ጫማ ነው የጮህክበት። ክንድ እኮ አይሸጥም። ቀስ ብለህ በላት።»

ቀስ ብሎ አላት። ከዓመታት ጩኸት በኋላ ያ ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የሚናገረው ቃል ሆነ። ልጅቷ ስልኩን ዘጋችና፣ «አባዬ፣ ይሄ ያስለቅሳል» አለችው።

ኃላፊው ቀረጻውን ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ሲጨርስ ተነስቶ የጉሮሮን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ።

«ድንቅ! ድንቅ! ጋሼ፣ ይህን ሐሳብ እስከ ዛሬ የት ደብቀውት ነው? ከእንግዲህ ጉሮሮዎ አይደክምም፤ ጉንፋን ቢይዝዎት እንኳ ሥራ አይቆምም!»

የጉሮሮ ልብ ወከክ አለች። «ታዲያ እሁድ እኔ...»

«እሁድማ ዋናው ነገር ይሄ ነው! ፒክአፗ ውስጥ እስከ ዛሬ ሁለት ሰው ነበር፤ አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ይናገራል። አሁን ተናጋሪ አያስፈልግም። ስለዚህ አንድ ሰው ተረፈልን!»

«እኔ?»

«ሾፌሩ! እርስዎ መንጃ ፈቃድ አለዎት አይደል? እርስዎ ይነዳሉ፤ ሾፌሩን ደግሞ የክብር እንግዶችን ከየቤታቸው ወደ እግር ጉዞው እንዲያመላልስ እንመድበዋለን። እነሱ እኮ ሁልጊዜ ያረፍዱብናል።»

ኃላፊው በሩ ድረስ ሸኝቶት፣ በትህትና ድምፅ ጨመረለት፦ «ታዲያ ጋሼ፣ እሁድ መሪውን የለቀቀ ሥራውንም እንደለቀቀ ነው የምንቆጥረው። መቼም እርስዎ ይህ አይነገርዎትም።»

እንደዚህ ነው እንግዲህ ሰው በገዛ ድምፁ ከወንበር ወንበር የሚዛወረው። ፈቃድ ጠያቂው ሾፌር ሆነ፤ ድምፁ ደግሞ ሳይደክም፣ ውሃ ሳይጠጣ፣ ከጣራው ላይ ለብቻው መናገሩን ቀጠለ። ሾፌሩ ቁልፉን ሲያስረክበው ቀልድ አልመጣለትም።

«ጉሮሮ፣ ይቅር በለኝ። ሐሳቡ የኔ ነበር።»

«ሐሳቡስ ጥሩ ነበር» አለ ጉሮሮ። «ችግሩ ወዶ የተቀበለው ሰው ነው።»

በአዲሱ ሥራው የመጀመሪያው የጎዳና እሁድ ደረሰ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ ፒክአፗ በጎዳናው መሃል ፊት ፊት ትሄዳለች፣ ሕዝቡ ከኋላ ይከተላል። መኪና በሌለበት ጎዳና ላይ ያለችው መኪና እሷ ብቻ ናት። ጉሮሮ ማልዶ ሚስቱን ክንዱን አስይዞ ደረጃውን አወረዳትና፣ ጎዳናው ዳር በአንድ ጸጉር አስተካካይ በር ላይ ባለች አግዳሚ ወንበር ላይ ከልጃቸው ጋር አስቀምጧት ሄደ። እንድታይ ብቻ ነበር የተባባሉት።

ፒክአፗ ስትደርስ ግን ሚስቱ ተነሳች። ልጅቷ ሳትይዛት ከዘራዋን ይዛ ወደ መንገዱ ወጣች፤ እጇን ዘርግታ የፒክአፗን የኋላ ብረት ያዘች። ጉሮሮ በመስታወቱ አያት።

«አንቺ ሴት! ምን ልትሆኚ ነው?»

«ዝም ብለህ ንዳ!» አለች ከኋላ። «ቀስ በል እንጂ! እየሮጥክ እኮ ነው!»

ጉሮሮ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ። ፒክአፗ እየተነፈሰች፣ እያቃሰተች፣ ከሰው እርምጃ በታች ሆነች። ከጣራው ላይ ድምፁ «የምትወዱትን ሰው ክንድ ይዛችሁ ኑ» ይላል፤ ሚስቱ የኋላውን ብረት ይዛ ትራመዳለች፤ እሱ መሪውን ይዞ፣ ዓይኑን ከመስታወቱ ሳይነቅል፣ እሷ ስትቆም ይቆማል፣ ስትሄድ ይሄዳል። የጫማ መደብሩን አለፉ። የስልክ ጥገናውን አለፉ። ላብ ግንባሯ ላይ አንጸባርቋል፤ ግን እግሯ አልተንቀጠቀጠም።

«እንዴት ነሽ?»

«ጭስህ ገደለኝ! ሌላው ደህና ነው!»

ከጎዳናው እኩሌታ አልፈው፣ የክር ሱቁ ምልክት ከሩቅ መታየት ሲጀምር ከኋላ ያሉት ብስክሌተኞች ደወል በደወል ሆኑ። የሙዚቃ ቡድኑ ባለበት ቆሞ አንድ ዘፈን ደጋገመ። ያኔ ኃላፊው እየሮጠ መጣ፤ ለፎቶ ሳይሆን ሲሮጥ የታየበት ብቸኛ ጊዜ ይህ ነው።

«ጋሼ! ጋሼ! ምንድን ነው ይሄ? ዛሬ እኮ ከመኪና ነጻ የምንሆንበት ቀን ነው! ሰው መኪና ተደግፎ ሲታይ ምን ይባላል?»

«ባለቤቴ ናት።»

«ገባኝ፣ ገባኝ፤ እግዜር ይማራቸው። ግን መልእክቱ! መልእክቱ ተበላሸ!»

መልእክቱን ለማዳን ሚስቱ ብረቱን እንድትለቅ ተደረገ። ልጅቷ ደርሳ ብብቷ ሥር ያዘቻትና በዳር በኩል መለሰቻት። ፎቶ አንሺው ግን ቀድሞ አንድ አንስቶ ነበር። ኃላፊው ፎቶውን ሲያይ ወደደው፤ ፒክአፗን ቆርጦ አስወጣትና፣ አሮጊቷ ብቻ፣ ፊቷ ላይ ጀግንነት፣ እጇ ወደ ባዶ አየር ተዘርግቶ፣ ታትማ በፒክአፗ ሁለት ጎን ተለጠፈች። ከሥሯ «እሷ በእግሯ መጣች፤ እናንተስ?» የሚል ተጽፏል። ጉሮሮ ወሩን ሙሉ ሚስቱን በሁለት ጎን ለጥፎ ከተማዋን ዞረ። እቤት ያለችው ሚስቱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከስፌት መኪናዋ እስከ በሩ መመላለሱንም ቀነሰች። ወንበሩ ሊለምዳት ነበር።

«ፎቶዬን አየሁት» አለችው። «ደህና እራመዳለሁ።»

«በሚቀጥለው የጎዳና እሁድ አትምጪ፤ እኔ ሌላ መላ እፈልጋለሁ።»

«በሚቀጥለው እሁድ ካልመጣሁ ከዚያ በኋላ አልመጣም። እኔ ራሴን አውቀዋለሁ።»

እሱም ያውቃት ነበር። ስለዚህ በሚቀጥለው እሁድም ማልዶ ደረጃውን አወረዳት። ፒክአፗን የሚነካ ሰው እንዳይኖር አሁን ከኋላዋ ገመድ ተወጥሯል። ሚስቱ ከዘራዋን ይዛ፣ ልጇን «ተዪኝ» ብላ፣ ከገመዱ ኋላ ወደ መንገዱ መሃል ገባች። ጥቂት እርምጃ ሄደች። አንድ ልጅ በብስክሌት በአጠገቧ ሽው ብሎ አለፈ፤ አንዲት ሴት ትከሻዋን ገጨቻትና «ውይ፣ ይቅርታ እማማ» ብላ ሄደች። ያኔ ሚስቱ ደረቀች። ወደፊትም ወደኋላም ሳትል፣ በሕዝብ ጎርፍ መሃል፣ እጇን እንደ ፎቶው ወደ አየር ዘርግታ ቆመች። ሕዝቡ ወንዝ ድንጋይ እንደሚያልፍ በግራና በቀኝ እየተከፈለ አለፋት። አንዳንዱ ከፎቶዋ አውቋት «ጎበዝ እማማ!» እያለ አጨበጨበላት።

ጉሮሮ ፍሬኑን ረገጠ። ቀረጻውን ዘጋ። ከተጣለበት ጥግ ማይኩን አንስቶ፣ ከቀረጻው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በራሱ አፍ ተናገረ። ድምፁ ዝጎ ነበር።

«ወገኖቼ» አለ። «ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ ነኝ፤ የማስታወቂያው ሰው። እዚያ መሃል መንገድ ላይ የቆመችው ባለቤቴ ናት። ክንዴን ብትይዝ ትራመዳለች። እኔ ግን ይህን መሪ ከለቀቅኩ ከሥራ እወጣለሁ። ከእናንተ መሃል መንዳት የሚችል ሰው ብዙ ነው፤ የመጣችሁበትን መኪና ከጀርባ ባለው መንገድ ላይ አይቼዋለሁ። አንድ ሰው መጥቶ እዚህ ይቀመጥልኝ። እስከ ጎዳናው ጫፍ ብቻ። ቀስ ብሎ ይንዳልኝና እኔ ወርጄ ከሷ ጋር ልሂድ።»

ከዚያ አንድ ብስክሌቱን የሚገፋ ጎልማሳ በሙሉ ልብ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ እኮ መንዳት የለም!» አለ።

«እኔ በወር አንድ ቀን ነው መሪ የማልይዘው» አለ ሌላው። «ለልጆቼ ቃል ገብቻለሁ።»

«እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ መኪና ይቅርባችሁ ያሉን?» አለች አንዲት ወጣት፣ ሳቋን እንደ ሽልማት እየሰጠችው።

አንዱ ጭብጨባ ጀመረ። የዝግጅቱ አካል መስሏቸው ሌሎቹም አጨበጨቡ። ስንት ዓመት «መኪናችሁን ተዉ» እያለ ሲጮህ ጆሮ ዳባ ልበስ ያሉት ሁሉ፣ በዚያች ደቂቃ አንድም ሳይቀሩ ሰሙት፤ አንድም ሳይቀሩ ታዘዙት። ኃላፊው ከሕዝቡ መሃል ብቅ ብሎ፣ እሱም እያጨበጨበ፣ በመስኮቱ እጁን አስገባና ቀረጻውን ከፈተው። ከጣራው ላይ ያ ለስላሳ ድምፅ፣ የምትወዱትን ሰው ክንድ ይዛችሁ ኑ፣ አለ።

ጉሮሮ ማይኩን አስቀመጠ። በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ ከገዛ ድምፁ በታች፣ ቅርብ ያሉትን ብቻ ለመናቸው። «እስከ ክር ሱቁ ድረስ ብቻ ነው። እባካችሁ፣ አንድ ሰው መሪውን ይያዝልኝ።»

ማንም አልያዘለትም።